ትራስ ስር የተተወ ገንዘብ

ላሳደሩኝ ሰዎች ገንዘብ ስለመክፈል ኢንተርኔት ላይ ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ለጠፍኩት፣ እስከ እሁድ 31 ምላሽ መጣበት። ክሩ (የምላሾቹ ሰንሰለት) ስለረዘመ ከላይ ጀምሮ ለማንበብ ትዕግሥት ያጣችሁ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ላውራችሁ። ሰዎቹን መጀመሪያ በጻፉት ምላሽ ቁጥር ነው የምጠራቸው። ያልተባለ አልጨምርም። የሰለቸኝን ግን ዘልዬዋለሁ።

መነሻው ይህ ነው። አንድ ተራራማ አገር ውስጥ፣ መኪና የማይገባበት መንደር፣ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ቤት ሦስት ሌሊት አደርኩ። አገሩን አልጠራም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል። ቤቱ ላይ ታፔላ የለም፣ ዋጋ የሚባል ነገር የለም። ዝናብ አባሮኝ በራቸው ላይ ቆሜ ነው የገባሁት። የመሸበት የእግዜር እንግዳ ሆንኩ። ሰዎቹ እንዴት ያሉ ደጎች መሰሏችሁ! አያትየዋ እንኳ ፀጉራቸውን አስተካክለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ፎቶ አንሳኝ አሉኝ። አነሳሁ፣ እልካለሁም አልኩ።

ስወጣ ለአባወራው ገንዘብ ዘረጋሁ። እጁን ሰበሰበ። ደግሜ ስዘረጋ ፊቱ ተለወጠ። ሚስቱ መሬት መሬት ታያለች። አፈርኩ። ከዚያ የረሳሁት ዕቃ አለ ብዬ ተመልሼ ገባሁና ገንዘቡን በወረቀት ጠቅልዬ ትራሱ ስር ወሸቅኩት። ቁልቁለቱን ስወርድ በራሴ ጉብዝና እየተደሰትኩ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ በዚያው መንደር ያለፈ ሌላ መንገደኛ መልእክት ላከልኝ። ስሜን ልጆቹ ደብተር ላይ ጽፌው ስለነበር በዚያ አፈላልጎ ነው ያገኘኝ። ቤተሰቡ ገንዘቡን በዚያው ወረቀት እንደተጠቀለለ ሰጥተውታል። አንድ እንግዳ ረስቶት ሄዷል፣ ካገኘኸው አድርስልን ብለው። ተቆጠረ፤ አንዲት አልጎደለችም።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። ጥፋቴ መክፈሌ ነው ወይስ አከፋፈሌ?

1 ቁጥር ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ቤተሰቡ አልተቀየሙህም፣ አትጨነቅ የሚል ነገር ጻፈ። ትራስ ስር የተገኘ ገንዘብ ለእነሱ ባለቤት ያለው የጠፋ ዕቃ ነው። ስጦታ ከሰው እጅ ነው የሚመጣው፤ ከአልጋ ስር አይበቅልም። ይህን ሳነብ ቀለል አለኝ።

2 ቁጥር ግን ወገቡን ይዞ መጣ። እንግዳ መቀበል አይሸጥም፤ የሚከፍል ሰው የሰውን ቤት ሆቴል ያደርጋል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን መንገደኛም ያበላሻል። ማስረጃ ያለው ሰርቫስን ነው። ለማታውቁት፣ ሰርቫስ በ1949 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ዴንማርክ ውስጥ የተጀመረ ማኅበር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰዎች አንዱ በሌላው ቤት እያደሩ ቢተዋወቁ ለሰላም ይበጃል ከሚል ሐሳብ የመጣ። እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሌሊት ያድራል፣ ለማደሪያው ገንዘብ አይቀባበሉም። 2 ቁጥር እንደሚለው ከሰባት አስርት ዓመት በላይ የሠራ ነገር ለምን ለእኔ ገበሬ አይሠራም?

መልሱን 3 ቁጥር ሰጠችው፣ በትህትና። የሰርቫስ አስተናጋጅ ፈልጎ የተመዘገበ ሰው ነው። የማይመቸው ሳምንት እንግዳ አልቀበልም ማለት ይችላል፣ ነገ ደግሞ እሱም በተራው የሌላ አገር እንግዳ ይሆናል። ዝናብ የነዳው ሰው በሩ ላይ የቆመበት ገበሬ ግን አልተመዘገበም፣ እምቢ ማለትም ይከብደዋል፣ ወደ እኔ ቤት ተሳፍሮ የመምጣት ዕድሉም ጠባብ ነው። መንገደኛና አሳዳሪ የሚገናኙበትን ድረ ገጽ፣ ካውችሰርፊንግንም ጨመረች። በ2004 ሥራ የጀመረው በነፃ ማደር ብሎ ነበር፤ በ2020 ከአባላቱ ክፍያ መጠየቅ ጀመረ። ክፍያው የሚገባው ግን ድረ ገጹን ለሚያስተዳድረው ድርጅት እንጂ አልጋውን ለለቀቀው ሰው አይደለም። ይቺ ነጥብ ጥሩ ናት። ገንዘብ የለም በሚባልበት ቦታ ሁሉ ገንዘብ አለ፤ የሚሄድበት ነው የሚለየው።

4 ቁጥር ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት አለብኝ። ከእኛ መሀል በሌላኛው በኩል የኖረው እሱ ብቻ ነው። መንገደኛ የሚያልፍበት መንደር ውስጥ፣ እንግዳ የሚያሳድር ቤት ውስጥ ነው ያደገው። ቤታቸው ውስጥ አልጋ የሚባል አልጋ አንድ ነበር፣ የአባትና የእናቱ። እንግዳ ሲመጣ ወላጆቹ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል መሬት ላይ ያነጥፋሉ። ሁለተኛው ብርድ ልብስ ለእንግዳው ስለሚሄድ አራቱ ልጆች በአንድ ይጠቀለላሉ። ማታ ማታ አባቱ ከእንግዳው ጋር ይጫወታል፤ ስለ አገሩ ይጠይቃል፣ ይስቃል። ጨዋታው ሲረዝም እሳቱም ይረዝማል። ሦስት ሌሊት የሳምንቱን እንጨት ይጨርሳል። ጠዋት እናቱ ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች። ቤተሰቡ በሁለት ጀሪካን ውሃ ይውላል፤ እንግዳ ሲኖር ሦስተኛ ይጨመራል፣ እንግዳ ይታጠባላ። ሦስተኛው ጀሪካን ማለት ምንጩ ድረስ አንድ ሌላ ደርሶ መልስ ማለት ነው።

ከዚያ እንግዳው ሲሄድ ገንዘብ ይዘረጋል። አባቱ በኩራት አይሆንም ይላል። ውሃውን ግን እሱ አልቀዳም። እንግዳው ከታጠፈ በኋላ እናቱ ለሁለት ቀን አትናገርም። አንዴ ብቻ፣ ጀሪካኑን እያስቀመጠች፣ ውሃው ራሱ እየሄደ አይመጣም ስትል ሰምቷታል።

ጽሑፉን የዘጋው 2 ቁጥርን ወጋ አድርጎ ነው። አይሸጥም እያለ የሚከራከረው ሻጩ ሳይሆን ገዢው መሆኑ አስቆኛል ብሏል።

በክሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ ላይክ ያገኘው ይኼ ነው። እኔም ሳነበው መሬት መሬት የምታየው ሴት ፊት መጣብኝ። ለካ ገንዘቡን የዘረጋሁት ምንም ላላወጣው ሰው ነው።

5 ቁጥር ትክክል ነህ ብሎ አለፈ። 6 ቁጥር ከነገሩ ጋር የማይገናኝ የመሰለኝን ጥያቄ ጠየቀች፤ የአያትየዋ ፎቶ ደረሳቸው ወይ የሚል። ማንም አልመለሰላትም። እኔም ዘለልኳት።

7 ላይ 2 ቁጥር ተመለሰ፣ ተቀይሞ። የሰው ላብ የሚበላ ሰው አይደለም፣ ባዶ እጁን ገብቶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ ስጦታ ይይዛል። የፀሐይ መብራት፣ እስክሪብቶ፣ ለልጆች ከረሜላ። እውነት ለመናገር ያሳዝናል፤ በቅንነት ነው የጻፈው። ግን 8 ቁጥር አላዘነለትም። እሱ ባደረበት ቤት ግድግዳ ላይ ሦስት የፀሐይ መብራት ተሰቅሎ አይቷል። ሦስቱም ከእንግዳ የመጡ፣ ሁለቱ የማይሠሩ። ቤቱ የሚያስፈልገው ገመድ ነበር። ገመድ ያመጣ እንግዳ የለም፤ ገመድ ፎቶ ላይ አያምርም። 9 ቁጥር ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የእሳቸው ቅሬታ ከረሜላውና እስክሪብቶው ላይ ነው። መንገደኛ ለልጆች በየመንገዱ ሲያድል ልጆቹ ክፍል ከመግባት መንገድ ዳር መጠበቅን ይመርጣሉ፤ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። መስጠት የፈለገ ሰው ለመምህሩ ይስጥ፣ መምህሩ ለክፍሉ ያካፍል ይላሉ። ቁጣቸው በጣም የተመጠነ ነበር።

10 ቁጥር አስጎብኚ ነው። ክሩን ከስሜት ወደ አሠራር የመለሰው እሱ ስለሆነ አመሰግነዋለሁ። እንደ እሱ አባባል ይህ ሁሉ ግራ መጋባት የሚመጣው ሥርዓት በሌለበት መንደር ነው። ሥርዓት ያለበት ቦታ ቤተሰቡ እጁን መዘርጋትም መሰብሰብም የለበትም። የኔፓሏን ሲሩባሪ መንደር ጠቀሰ። እዚያ ከ1997 ጀምሮ እንግዳን ለየቤቱ የሚመድበው የመንደሩ ኮሚቴ ነው። እንግዳው ቤት አያማርጥም፣ ቤቶቹም እንግዳ አይሻሙም፤ ተራ አለ። ቀጥሎ ሕንድ ውስጥ ያለውን የላዳክን ሄሚስ ብሔራዊ ፓርክ አነሳ። የዚያ አካባቢ አርቢዎች የበረዶ ነብር በጎቻቸውን እየጨረሰባቸው አውሬውን እንደ ጠላት ያዩት ነበር። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቤታቸው እንግዳ ማሳደር ጀመሩ። እንግዳው የሚመጣው ነብሩን ፍለጋ ስለሆነ የሞተው ነብር ሳይሆን ያለው ነብር ገቢ ሆነ። ከገቢው አሥር በመቶ ለመንደሩ የጥበቃ ፈንድ ይሄዳል። ሆምስቴይ (ከፍሎ ቤተሰብ ቤት ማደር) ሲባል በየቦታው ይለያያል፤ ይኼኛው ግን የገባኝ ነው።

11 ቁጥር ደስታችንን ትንሽ ቀነሰው። ከቲቲካካ ሐይቅ የመጣ ታሪክ ነው፣ ፔሩ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል 3,800 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ። ታኪሌ የምትባለው ደሴት ሰዎች እንግዳውን በየቤቱ በተራ ያሳድሩ ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ጀልባዎቹም የራሳቸው መሆናቸው ነው። በማኅበር ገዝተው እንግዳውን ራሳቸው ያመላልሱ ነበር። በ1990ዎቹ የአገሪቱ ሕግ ሲለወጥ የከተማው አስጎብኚ ድርጅቶች በራሳቸው ጀልባ እየጫኑ መጡ። ብዙው ጎብኚ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት የሚመለስ ሆነ። ቤቶቹ አሉ፣ አልጋው አለ፣ ተራው አለ፤ አዳሪው ነው የቀነሰው። የ11 ቁጥር ጥያቄ እንግዲህ ይኼ ነው፦ ከምንከፍለው ውስጥ ስንቱ ነው ቤቱ የሚደርሰው፣ ስንቱ ነው ባመጣን ሰው ኪስ የሚቀረው?

12 ላይ አስጎብኚው ደሙ ፈላ። ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኛ ላይ ነው የሚወድቀው አለ። ስልኩን የሚያነሳው እሱ፣ የታመመ እንግዳ ተሸክሞ የሚወርደው እሱ፣ እንግዳ ሲቀር ቤተሰቡን ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ። ድርሻውን በግልጽ ይናገራል፤ የማይናገር አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ቤተሰቡ ስንት እንደሚደርሰው ፊት ለፊት ጠይቁት፣ ከተንተባተበ ተውት አለ። ምክሩ ጠቃሚ ነበር። ፊደሎቹ ግን ይጮሁ ነበር።

13 ቁጥር ለማብረድ ይመስላል ወደ ኪርጊዝስታን ወሰደን። እዚያ ሄልቬታስ በሚባል የስዊስ ድርጅት ድጋፍ በ2000 የተጀመረ የቤተሰብ ማደሪያ መረብ አለ። ቤቶቹን በኮከብ ፈንታ በኤደልቫይስ አበባ ነው ደረጃ የሚያወጡላቸው፣ ከአንድ እስከ ሦስት። እሱ ባለ አንድ አበባውን ነው የሚመርጠው። የጆርጂያ ስቫኔቲንም አነሳ። ከሜስቲያ እስከ ኡሽጉሊ በእግር አራት ቀን ሲሄድ በየማታው የተለያየ ቤተሰብ ቤት አድሯል። ዋጋው የታወቀ ነው፣ ማንም አያፍርም። ቀጥሎ ሳይጠየቅ ስለ መጸዳጃ ቤት ጻፈ። ከቤቱ ራቅ ብሎ ግቢው ጫፍ ላይ ነበር፣ መሀል ላይ ደግሞ ውሻ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተበላሸ። ወይም አማረበት፣ እንደ አንባቢው ነው። 14፣ 15፣ 16 እና 17 ስለ ውሻ ናቸው። አንዱ ድንጋይ ያነሳ መስሎ ማጎንበስ ብቻ ይበቃል አለ። ሌላው አጎንብሶ የደረሰበትን ተረከ፣ ሱሪውን ጭምር። አንዷ ውሻ ሲያዩ የሚፈሩ ሰዎች ገጠር አይሂዱ ብላ ተሰደበች። 17 ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሽንቱን ይዞ እንዳነጋ ተናዘዘ።

ሳቁን ያቆመችው 18 ቁጥር ናት፣ ነርስ። የገጠር ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ሰዓት እያያችሁ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ውረዱ ትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በእብድ ውሻ በሽታ በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይሞታል፣ ለሰው የሚተላለፈውም ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ቁስሏ ትንሽ ናት ብሎ ጉዞ መቀጠል የለም።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያዋ ሌሊቱን የሚመለከት ነው። ቤተሰቡ እንግዳው እንዳይበርደው ብሎ የከሰል ፍም መኝታ ክፍል ሊያስገባ ይችላል። አመስግናችሁ አስወጡት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ነው የሚወስደው። ስትጨርስ ወደ 4 ቁጥር እናት ተመለሰች። በ2020 የቤት ውስጥ ጭስና የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል። እኛ ሦስት ሌሊት ዓይናችን አነባ ብለን ታሪክ እናወራለን፣ ማድቤቱ ውስጥ ያለችው ሴትና ያዘለችው ልጅ ግን በየቀኑ ነው የሚተነፍሱት።

19 ቁጥር ይህን ሁሉ አንብቦ አውራ ዶሮ በሌሊት እንዳይጮህ ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቀ። 20 ላይ አድሚኑ መጥቶ ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለ።

21 ቁጥር ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ናት። ስለ ገንዘቡ ስትከራከሩ አነበብኩ፣ የእኔ ጥያቄ ግን ከዚያ ይቀድማል ብላ ጀመረች። አንድ ቤት ለማደር ከመስማማቷ በፊት የቤቱን እመቤት በዓይኗ ማየት አለባት። ስሟን ሰምታ ሳይሆን አይታ። ከሴት ልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ቢሰጧት ትመርጣለች፤ ይህንንም ሳታፍር ትጠይቃለች። የት እንዳደረች የሚያውቅ አንድ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። ይህን የተማረችው አንድ ቀን ነው። ሰውዬው ሚስቱና ልጆቹ ሲመሽ ይመጣሉ አላት። መሸ፤ ማንም አልመጣም። ቦርሳዋን አንስታ በጨለማ የጎረቤት በር አንኳኳች። አንዲት አሮጊት ከፈቱላት፣ ምንም ሳይጠይቁ ከአጠገባቸው አነጠፉላት። ምንም አልደረሰባትም። ያን ሌሊት ግን ዓይኗ አልተከደነም።

22 ቁጥር ብቻዋን የሆነች ሴት ገጠር ምን ልትፈልግ ሄደች ብሎ ጻፈ። 23 ቁጥርን ልነግራችሁ አልችልም፣ አድሚኑ አጥፍቶታል። ከመጥፋቱ በፊት ግን አንብቤዋለሁ፣ የሚገባውን ነው ያገኘው። 24 ላይ እኚያው ጡረተኛ መምህር ተመልሰው ለ22 ቁጥር የጻፉት ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሴቲቱ የሄደችው አንተ በሄድክበት ምክንያት ነው፣ ጥያቄው ያለው ቤቱን ባዶ አድርጎ የጠበቃት ሰው ላይ ነው አሉ። 22 ቁጥር ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

25 ቁጥር ሕግ አመጣ። ደረቅ ነው፣ ግን ይጠቅማል። በብዙ አገር የውጭ ዜጋ ሲያሳድሩ ለፖሊስ ማስታወቅ የአስተናጋጁ ግዴታ ነው። ቬትናምን ወስዶ እዚያ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ ሩቅ በሆኑ ቦታዎች በ24 ሰዓት ውስጥ መመዝገብ አለበት አለ። እኛ ጀብዱ ነው ብለን ሳንመዘገብ አድረን እንሄዳለን፣ ቅጣቱ ቤተሰቡ ላይ ይቀራል። ጣሊያንንም ጠቀሰ። በ1985 ባወጣችው ሕግ ገበሬ እርሻው ላይ እንግዳ ማሳደር ይችላል፣ ግን ዋና ሥራው እርሻ ሆኖ መቀጠል አለበት። እርሻውን ትቶ ባለ ሆቴል የሆነ ሰው በዚያ ስም መነገድ አይችልም። ይህን ሳነብ የሲሩባሪው ተራ ትዝ አለኝ፤ አንዱ እንግዳ ሲጠብቅ ሌላው እርሻው ላይ ይውላል።

አገሩን ለምን እንዳልጠራሁ የገለጠልኝ 26 ቁጥር ነው። እሱ ያደረበትን ቤት ፎቶ፣ ከነመንገዱና ከነካርታ ምልክቱ ለጠፈ። ምስጋና መስሎት። በዓመቱ ሲመለስ በሩ ላይ ስድስት ሰው ቆሞ አገኘ። ሁሉም የእሱን ጽሑፍ ስልካቸው ላይ ከፍተው ይዘዋል፣ አንዱ በጽሑፉ ላይ የተባለው ፈገግታ የታለ ሳይል አልቀረም። እመቤቲቱ ለ26 ቁጥር ሰላምታ ሰጠችው፣ አልጋ ግን አልሰጠችውም። ልጥፉን አጥፍቷል። የተቀዳው ግን ገና ይዞራል።

27 ቁጥር ገንዘብ የማይቀበሉ ከሆነ ጉልበት እንስጥ ባይ ነው። ዉፍን አስታወሰ። በ1971 እንግሊዝ ውስጥ የከተማ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ እርሻ ላይ እንዲሠሩ ተብሎ የተጀመረ ነው፣ ሥራ ይሰጣሉ፣ ማደሪያና ምግብ ያገኛሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ራሱ ግን የመጀመሪያ ቀን አረም ልንቀል ብሎ የተተከለውን ችግኝ ግማሽ መደብ ነቅሎ ጨረሰ። የእርሻው ባለቤት አልተቆጣችም። ከዚያ በኋላ ግን እንጨት ብቻ ነው ያሸከሙት። እሱም በቃ እንጨት መሸከም ነው የምችለው፣ የምትችሉትን ብቻ ጠይቁ ይላል።

የጥያቄዬን መልስ የሰጡት 28 ቁጥር ናቸው። ለዓመታት መንገደኛ ያሳደሩ እናት ናቸው፣ ልጃቸው እየጻፈላቸው። እሳቸው እንደሚሉት ገንዘብ ደጃፍ ላይ፣ እየተሰናበቱ፣ እንደ ጉርሻ አይዘረጋም። ደጃፍ ላይ ጎረቤት ያያል፣ እምቢ ማለት ግድ ይሆናል። ነገሩ የሚነሳው በመጀመሪያው ማታ ነው፣ ቦርሳ ሳይፈታ። ከእኔ በፊት የመጡት እንዴት ነበር የሚያደርጉት ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። እሳቸው ዋጋ መጥራት ያፍራሉ፤ ሌሎች ያደረጉትን መናገር ግን አያፍሩም። ገንዘቡ ከመሄጃው ቀን በፊት በነበረው ምሽት፣ ባልና ሚስት ቁጭ ባሉበት፣ ለእንጨቱና ለውሃው ተብሎ መሀል ይቀመጣል። ማንም እጁን መዘርጋት የለበትም። አንዴ አይሆንም ማለት ወግ ነው። ሁለቴም ወግ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው እውነተኛ አይሆንም ነው፤ ያኔ አንሱት። ከዚያ ቤተሰቡ የሚሸጠው ነገር ካለ ሳትከራከሩ ግዙ፣ ወይም መንገድ የሚያሳያችሁ ልጃቸውን ቅጠሩ።

ትራስ ስር ስለማድረግ ምን ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ልጃቸው እናቴ ሳቀች ብሎ ብቻ ጻፈ።

29 ላይ 4 ቁጥር ተመለሰ። እኚህን እናት ያከብራቸዋል፣ ግን አይስማማም። እነሱ ቤት መሀል የተቀመጠ ገንዘብ መጨረሻው የአባቱ ኪስ ነው፣ ከዚያም ወዴት እንደሚሄድ መንደሩ ያውቃል። እሱ ለእናትየዋ በእጇ፣ ብቻዋን ስትሆን ይሰጣት ባይ ነው። 28 ቁጥር ደግሞ ባል ሲሰማ ምን ሊል ነው ብለው ጠየቁ፣ በምላሻቸው ስር በትንሹ። አልተስማሙም። እኔም ሁለቱንም አምኛለሁ፤ ሁለት ቤት ነው የሚያወሩት።

30 ላይ 6 ቁጥር ድጋሚ መጣች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። የአያትየዋ ፎቶ ደረሳቸው ወይ?

31 ቁጥር የእኔ ነው። አልላክሁም ብዬ መለስኩ። ስልኬ ላይ 14 ፎቶ አለ፣ ሁለቱ የአያትየዋ ናቸው። መንደሩ ውስጥ ኢንተርኔት የለም፣ በምን እልካለሁ እያልኩ ነበር ይኼን ሁሉ ወር። ገንዘቡን የያዘው መንገደኛ በሚቀጥለው ወር በዚያ በኩል እንደሚያልፍ ጽፎልኝ ነበር። ገንዘቡን መልሰህ ውሰድላቸው፣ ማታ፣ ሁለቱም በተቀመጡበት፣ ለእንጨቱና ለውሃው በልልኝ አልኩት። ፎቶዎቹንም አሳትሜ እሰጥሃለሁ አልኩት።

እሺ አለኝ። ቀጥሎ ያኔ ያልገባው ነገር እንደነበር ጻፈልኝ። ገንዘቡን ሲያስረክቡት አያትየዋ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው ዘርግተው፣ ገልብጠው አይተውት ነበር። ሌላ የላከው ነገር የለም ወይ ብለው ጠየቁት። የለም አላቸው። ጠቅልለው መለሱለት።